ረጅሙን ሐረግ በአንድ ቃል፦ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት የተነሣ ክርክር

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተው ባሕር ዳር የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ አማካሪው በቀይ ቀለም አስምሮ መልሶለታል፤ በየገጹ ኅዳግ የሰፈረው አስተያየትም አንድ ዓይነት ነው፤ በዝቷል፣ ይጠር የሚል። ተማሪው ከዚህ ተነሥቶ እንግሊዝኛ አዋቂ ማለት ሌላው በረጅም ሐረግ የሚለውን በአንድ ቃል የሚጨርስ ሰው ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሷል። የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ ‹ኢሌጂብል›፣ ደራሲው ካረፈ በኋላ የታተመ ሥራ ‹ፖስቹመስ›፣ የእንቅልፍ ማጣት ሕመም ‹ኢንሶምኒያ›፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ‹ፎርትናይት›። እነዚህንና መሰሎቻቸውን በደብተር መሰብሰብ ይዟል። የመድረኩን ሰዎች የለመናቸው ያላቸውን ቃል እንዲጨምሩለትና የያዘውን እንዳይረሳ ዘዴ እንዲያሳዩት ነበር።

እኔ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ እንዲህ ያለ ደብተር ማዘጋጀቱ አያስገርመኝም፤ ተማሪዎቼም በየዓመቱ ይዘውት ይመጣሉ። ክሩን እስከ መጨረሻው የተከታተልኩት ስለዚህ ነው። መልሶቹን በተራቸው አስቀምጣለሁ፤ ፍሬ ያለበት ቦታ ላይ ግን ቆም ማለቴ አይቀርም።

መልስ 1። የመጣው ደሴ ከሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ልጁን በትጋቱ አመስግኖ፣ ቃላትን አንድ በአንድ ከመሸምደድ በቤተሰብ መያዝ እንደሚሻል መክሮታል። መጨረሻው ‹ሳይድ› የሆነ ቃል መግደልን፣ መነሻው ‹ኦምኒ› የሆነ ደግሞ ሁሉን ማዳረስን እንደሚያመለክት አስረድቷል። ሰው መግደል ‹ሆሚሳይድ›፣ የተባይ ማጥፊያ ‹ፔስቲሳይድ›፣ ሁሉን ቻይ ‹ኦምኒፖተንት›፣ ሁሉን አዋቂ ‹ኦምኒሸንት›፣ ሥጋውንም ቅጠሉንም የሚበላ እንስሳ ‹ኦምኒቮር› እያለ ደርድሮለታል። አንዱን ክፍል የያዘ ሌሎቹን ያለ ብዙ ድካም ያገኛቸዋል ባይ ነው።

መልስ 2። አንዲት የሕግ ተማሪ በአጭሩ ሦስት ቃላት ጨመረች። ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ‹ዊዶወር›፣ ወላጆቹን ያጣ ልጅ ‹ኦርፋን›፣ ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ‹ኢንቴስቴት›። የመጨረሻውን ያወቀችው የውርስ ሕግ ስትማር እንደሆነና ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን እንዳልጠፋባት ነገረችው።

መልስ 3። በጅቡቲ መስመር የነዳጅ ቦቴ የሚያሽከረክር ሰው የመምህሩን ምክር በአክብሮት ተቀብሎ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለበት። ረዳቱ ትምህርት ቤት ሳለ ‹ኢን› ማለት አፍራሽ ነው ተብሎ ተምሯል። ቦቴው ላይ ‹ኢንፍላመብል› የሚለውን ሲያነብ የማይቀጣጠል ማለት መሰለው። ነዳጅ እየተራገፈ ሳለ ከቱቦው ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲጋራውን በከንፈሩ ይዞ ክብሪት ሲያወጣ ሾፌሩ ሮጦ እጁን ያዘው። ቃሉ በቀላሉ እሳት የሚይዝ ማለት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ገና እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ‹ኢን› ተቆርጦ ‹ፍላመብል› ተብሎ እንዲጻፍ የወተወተው ይህንኑ አደጋ ፈርቶ ነበር። ሾፌሩ ‹ኢንቫሉወብል›ንም ጠቅሷል፤ ዋጋ ቢስ የሚል ይመስላል እንጂ ዋጋ የማይተመንለት ማለት ነው።

ይህን መልስ አትሜ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ቃላትን በመነሻና በመድረሻ መበተን ጥሩ ዘዴ ነው፤ ማረጋገጫው ግን ቃሉ የገባበት ዓረፍተ ነገር ነው።

መልስ 4። የደሴው መምህር ተመልሶ ሾፌሩን አመሰገነ፤ እሱም ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን ከነከዳተኛ ልጆቹ እንደሚያስተምር ጻፈ።

መልስ 5። ክሩ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ የምትኖርና በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የምታርም ሴት የልጁን ችግር ከሥሩ አየችው። ጽሑፉን ያስረዘመው ብርቅ ቃል ማጣቱ እንዳልሆነ ነገረችው። ያስረዘመው ግሡን ስም አድርጎ ሌላ ግስ እየደረበበት ነው። ‹ሜክ ኤ ዲሲዥን› ብሎ ከመጻፍ ‹ዲሳይድ›፣ ‹ጊቭ ኮንሲደሬሽን ቱ› ከማለት ‹ኮንሲደር›፣ ‹ዱ ቱ ዘ ፋክት ዛት› ከማለት ‹ቢኮዝ›፣ ‹አት ዚስ ፖይንት ኢን ታይም› ከማለት ‹ናው›፣ ‹ኢን ዘ ኢቨንት ዛት› ከማለት ‹ኢፍ›። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2010 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ በግልጽ ቋንቋ እንዲጽፉ የሚያስገድድ ሕግ እስከ ማውጣት መድረሳቸውን ጠቅሳለች። ረጅሙን የሚተኩት ነጠላ ቃላት አብዛኞቹ ልጁ 7ኛ ክፍል ሳለ የሚያውቃቸው ናቸው።

ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ አንድ ነገርም እጨምርበታለሁ። ይህ ልማድ ከእንግሊዝኛ ትምህርታችን ብቻ የመጣ አይደለም። የቢሮ አማርኛችንን ተመልከቱ። ምክር ቤት አይወስንም፤ ውሳኔ ያሳልፋል። ኃላፊው አያብራራም፤ ማብራሪያ ይሰጣል። ኮሚቴው አይከታተልም፤ የክትትል ሥራ ይሠራል። ጠዋት ማታ በዜና የሚሰማውን አነጋገር የለመደ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍም ሁለት ግስ ካልደረበ የጻፈ አይመስለውም። ስለዚህ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የማሠራቸው በአማርኛ ነው፤ የጋዜጣ አንቀጽ አምጥተው ‹ውሳኔ አሳለፈ›ን ወደ ‹ወሰነ› እንዲመልሱ አደርጋለሁ። በአማርኛ ያየ ዓይን በእንግሊዝኛም ያያል።

መልስ 6። አዲስ አበባ ውስጥ ለውጭ አገር ፈተና የሚያዘጋጅ አስጠኚ ቆጣ ብሎ ገባ። የሊድሷ ሴት ምክር ለደብዳቤ እንጂ ለፈተና እንደማይሆን፣ ጂአርኢ የተባለውን የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚወስድ ሰው ከባድ ቃላትን ከነፍቺያቸው መሸምደድ ግድ እንደሚሆንበት አስረግጦ ተናገረ። ልጁን በቀላል ቃላት ማዘናጋት ዕድሉን መዝጋት ነው አለ።

መልስ 7። በዚያው ፈተና አልፎ አሜሪካ የሚማር ወጣት አረመው፤ ቃናውም ለስላሳ አልነበረም። ከጂአርኢ የተቃራኒ ቃል ፍለጋውና የቃላት ዝምድና ጥያቄው እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥተዋል፤ አሁን ባዶ ቦታው የሚሞላው አንቀጹን በመረዳት ነው። ኤስኤቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተናም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሻሻል ብርቅ ቃላትን ነጥሎ መጠየቁን ትቷል። ወጣቱ አስጠኚውን በጊዜ ያለፈበት ማስታወሻ ገንዘብ ትሰበስባለህ እስከ ማለት ደረሰ።

መልስ 8። አስጠኚውም ውጭ የሚኖሩ ሰዎች አገር ቤት የሚለፋውን ይንቃሉ ሲል መለሰ። ስለ ፈተናው መለወጥ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። በዚህ አዝኛለሁ፤ ምክንያቱም የሚከራከርበት ነገር ነበረው። የዛሬው ፈተናም ቢሆን ከባድ ቃል ይጠይቃል፤ የተለወጠው የሚጠየቅበት መንገድ ነው።

መልስ 9። ዱባይ ሆቴል የምትሠራ ሴት ጠቡን አልፋ ወደ ልጁ ጉዳይ ተመለሰች። ‹ቬሪ› የሚለውን የሚያስቀሩ ቃላት አቀበለችው፤ በጣም ለደከመው ‹ኤግዞስትድ›፣ በጣም ለራበው ‹ስታርቪንግ›፣ በጣም ለበረደው ‹ፍሪዚንግ›፣ እጅግ ትንሽ ለሆነ ‹ታይኒ›፣ እጅግ ግዙፍ ለሆነ ‹ሂዩጅ›። ቀጥላ ግን እንዲጠነቀቅ ነገረችው። በሥራዋ መጀመሪያ ሰሞን አንድ እንግዳ ፎጣ ዘገየብኝ ብሎ ቅር ይለዋል። እሷም የተማረችውን ቃል ልታሳይ በመዝገቡ ላይ ‹ፉሪየስ› ብላ ጻፈች። የሌሊቱ ሥራ አስኪያጅ መዝገቡን አይቶ በአሳንሰሩ ሽቅብ ወጣ፤ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች አስከትሎ በሩን ሲያንኳኳ እንግዳው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከፈተላቸው። ‹ፉሪየስ› በቁጣ ለነደደ ሰው ነው፤ ለዚያ እንግዳ ‹አኖይድ› ይበቃው ነበር። በእነዚህ ቃላት ላይ ‹ቬሪ› እንደማይደረብባቸውም አስታውሳለች፤ ማጠንከር ከተፈለገ ‹አብሶሉትሊ› ይቀድማቸዋል።

መልስ 10። ቨርጂኒያ ውስጥ በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ የሥራዋ ጠባይ ከልጁ ፍላጎት ተቃራኒ እንደሆነ ጻፈች። ሐኪሙ በመዝገብ ላይ ‹ዲስፕኒያ› ብሎ በአንድ ቃል የጻፈውን እሷ ለታካሚው ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ ብላ መዘርዘር አለባት። አንዲት አገር ቤት የኖሩ እናት ‹ሃይፐርቴንሽን› አለብዎት ሲባሉ ጭንቀት አበዛሽ የተባሉ መስሏቸው፣ ልጆቼ ከተመረቁ ወዲህ ምንም አያስጨንቀኝም ብለው መድኃኒቱን አልቀበልም አሉ። ደም ግፊት ነው ስትላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ነጠላውን ቃል ባልደረባ ለባልደረባ፣ ዝርዝሩን ለታካሚ ማለት የነርሷ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

መልስ 11። የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ የሆነ ሰው ነርሷን ደግፎ ብዙ ጻፈ። የጥገና መመሪያዎች የሚጻፉበት ቀለል ያለ ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ አለ፤ መዝገበ ቃላቱ ወደ 900 ገደማ የተፈቀዱ ቃላት ብቻ ይዟል፤ ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም ነው። መጀመር ‹ስታርት› ብቻ ነው፤ ‹ቢጊን›ም ‹ኮመንስ›ም ‹ኢኒሺዬት›ም የሉም። ‹ፎሎው› ከኋላ መምጣት እንጂ መመሪያ ማክበር አይደለም፤ መመሪያን ማክበር ‹ኦቤይ› ነው። የዚህ ሁሉ ዓላማ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ቴክኒሻን ሌሊት በባትሪ ብርሃን ሲያነብ እንዳይሳሳት ነው።

ከዚያ ወደ ሬዲዮው ተሻገረ። በአብራሪዎች ንግግር ‹ሮጀር› ማለት የመጨረሻ መልእክትህ በሙሉ ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው፤ ተስማምቻለሁ አይደለም። ‹ዊልኮ› ደግሞ መልእክትህ ገብቶኛል፣ እፈጽመዋለሁም ማለት ነው። እዚህ አንድ ቃል በእርግጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይተካል፤ የሚተካውም ሁሉም አስቀድሞ ስለተስማማበት ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ በአንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪና በመቆጣጠሪያ ማማው መካከል የተለዋወጡት ግልጽ ያልሆነ ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ ‹ቴክኦፍ› የሚለው ቃል ለመነሣት ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ፤ በሌላው ጊዜ ሁሉ ‹ዲፓርቸር› ይባላል።

መልስ 12 እስከ 15። አንድ ሰው እንግሊዝኛም የሚጎድለው አለ ብሎ ነገሩን ወደ አማርኛ ወሰደው። ‹አምና› ለማለት እነሱ ሁለት ቃል ያወጣሉ፣ ‹ካቻምና› ለማለት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል፤ ‹ዘንድሮ›ንም በአንድ ቃል አያገኙትም። ሌላዋ ‹ዋርሳ›ን ጨመረች። ሦስተኛው ትክክለኛው ‹ሐቻምና› እንጂ ‹ካቻምና› አይደለም ብሎ ገሠጸ፤ አራተኛው የጎጃም አያቱን ምስክር ጠርቶ ሞገተ። የሁለቱ ሙግት በፊደል ጉዳይ እንደሚሆነው ሁሉ ቶሎ መረረ። እኔ ሁለቱንም ተጽፈው አግኝቻቸዋለሁ፤ ክርክሩ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

መልስ 16። የሊድሷ ሴት ተማሪው እንዲህ ባለ ወሬ እንዳይረሳ አሳሰበች።

መልስ 17። አንድ ተሳታፊ ደግሞ ነጠላ ቃል ሁሉ ጌጥ ነው፣ ሐረግ ያለው ሰው ነጠላ ቃል አያስፈልገውም ብሎ ደመደመ። ይህን ያለው ከመልስ 5 እና ከመልስ 10 ተነሥቶ ነው፤ ሁለቱ ካሉት ግን አልፎ ሄደ።

መልስ 18። የመለሰችለት ያቺው የሕግ ተማሪ ናት፤ እስካሁን ከጻፈችው ሁሉ የጠነከረ ነበር። ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1941 ናዚዎች በያዙት ምድር የሚፈጽሙትን ሲናገር ስም የሌለው ወንጀል ብሎት ነበር። ራፋኤል ሌምኪን የተባለው የፖላንድ አይሁዳዊ ሕግ አዋቂ እ.ኤ.አ. በ1944 ያን ወንጀል ‹ጄኖሳይድ› ብሎ ሰየመው፤ ዘርን የሚያመለክተውን የግሪክ ቃል መግደልን ከሚያመለክተው የላቲን ክፍል ጋር አገናኝቶ። መልስ 1 ያስተማረው ‹ሳይድ› እዚህም አለ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1948፣ የተባበሩት መንግሥታት ወንጀሉን የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1949 ስምምነቱን ከሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው አገር ኢትዮጵያ ናት።

ሐሳቧ ይህ ነው። ሐረግ ክስ አይሆንም። ዐቃቤ ሕግ ችሎት ፊት የሚቆመው ስም ያለው ወንጀል ይዞ ነው። ድንበሩ እስከ የት እንደሆነ የሚያከራክረውም ቃሉ ስለተበጀ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1957ቱ የኢትዮጵያ ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዓለም አቀፉ ስምምነት የተዋቸውን የፖለቲካ ቡድኖች ጨምሮ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የደርግ ባለሥልጣናት ጥፋተኛ የተባሉት በዚያ ሰፊ ትርጉም ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለተማሪዎቼ ነጠላ ቃል ማሳጠሪያ ብቻ ነው ማለት ትቻለሁ።

መልስ 19 እና 20። ከዚያ ሰዎች ቃሉን ለዛሬ ጉዳዮች እየሳቡ መወራረፍ ጀመሩ። የመድረኩ ኃላፊ ሁለት መልሶችን አንሥቶ ውይይቱ በቋንቋው ላይ እንዲቆይ አዘዘ። ደግ አደረገ።

መልስ 21። ተማሪው ብቅ አለ። ሁሉን አንብቦ አመስግኖ፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ሠርቶ አቀረበ፤ አንድ የፍልስፍና ጽሑፍ አልገባኝም ለማለት ‹ኢሌጂብል› ብሎታል። የደሴው መምህርና የሊድሷ ሴት በአንድ ድምፅ አረሙት። ‹ኢሌጂብል› ፊደሉ የማይለይ ሲሆን ነው፤ ሐሳቡ የማይጨበጥ ከሆነ ‹ኢንኮምፕሪሄንሲብል› ይባላል። ‹ኢሊጂብል› ከሚለው፣ ብቁ ማለት ከሆነው፣ ጋር እንዳያምታታው ደግሞ ነርሷ አስጠነቀቀችው። የቨርጂኒያ ጎረቤቶቿ ‹ፎርትናይት› ሲሏቸው ግር እንደሚላቸውም ጨመረች፤ አሜሪካኖች ሁለት ሳምንት ነው የሚሉት። ቃሉ የእንግሊዞች ነው፤ ራሱም አሥራ አራት ሌሊት ከሚል ጥንታዊ ሐረግ የተጨመቀ ነው።

መልስ 22። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጁ በስተመጨረሻ የጠየቀውን፣ እንዴት ልያዘው ያለውን፣ ማንም በቅጡ አልመለሰለትም ነበር። ደብተሩን በሁለት ረድፍ ማለትም ሐረግና ቃል ብሎ መክፈሉን ትቶ፣ ከራሱ የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ እንዲወስድ ነገርኩት። ረዘመ የሚለውን ሐረግ ያስምርበት፤ የሚተካውን ቃል ያግኝ፤ ከዚያ ያ ቃል ከማን ጋር እንደሚሄድ ይመልከት። ‹ዲሳይድ›ን ሲጽፍ ‹ዲሳይድ ቱ›ንና ‹ዲሳይድ ኦን›ን አብሮ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ግስ ያስከትላል፣ ሁለተኛው ስም። ጎረቤቱን ሳያውቅ የተሸመደደ ቃል ብዕር ላይ አይመጣም። ብርቅ ቃል ከመፈለጉ በፊት ደግሞ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመችውን የአካዳሚ ቃላት ዝርዝር እንዲይዝ መከርኩት። 570 የቃላት ቤተሰቦች ናቸው፤ የተሰበሰቡትም ከተለያዩ የትምህርት ዘርፎች ጽሑፎች ነው። ‹ኢንዲኬት›፣ ‹ሪኳየር›፣ ‹ኢቫሉዌት› የመሳሰሉት እዚያ አሉ፤ ልጁ ነገ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

መልስ 23። ተማሪው ከአንቀጹ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከነእርማቱ ለጠፈ። ‹ዘ ሪሰርቸር ሜድ ኤ ዲሲዥን ቱ ኮንዳክት ኢንተርቪውስ ዊዝ ፋርመርስ› ያለውን ‹አይ ኢንተርቪውድ ፋርመርስ› አድርጎታል። አሥር ያህል ቃል ወደ ሦስት ወረደ፤ አንድም ብርቅ ቃል አላስፈለገውም።

መልስ 24 እስከ 27። እንደገና ክርክር ተነሣ። አስጠኚው ረገብ ብሎ ተመልሶ፣ በብዙ የትምህርት ክፍሎች ‹አይ› ብሎ መጻፍ ነውር ስለሆነ ‹ፋርመርስ ዌር ኢንተርቪውድ› ቢባል ይሻላል አለ፤ እዚህ ላይ ልክ ነው። የሊድሷ ሴት ዛሬ ብዙ መጽሔቶች ‹አይ›ንም ‹ዊ›ንም እንደሚቀበሉ ጻፈች፤ እሷም ልክ ናት። አሜሪካ ያለው ወጣት አስጠኚውን ስለ መልስ 7 ቃናው ይቅርታ ጠይቆት በጉዳዩ ግን ከሊድሷ ሴት ጋር ቆመ። የደሴው መምህር ልጁ የቀረውን ገጽ ከመቀየሩ በፊት የትምህርት ክፍሉን የአጻጻፍ መመሪያ አይቶ አማካሪውን እንዲጠይቅ አሳሰበው፤ ልጁም ሰኞ ቀጠሮ እንዳለው መለሰ።